መልስ፦ ሚልድረድ ባርከር፣ የሼከሮች ገጣሚ

ከሼከሮች (ሳያገቡና ሀብታቸውን በጋራ ይዘው በማኅበር ከሚኖሩት የአሜሪካ ክርስቲያኖች) መካከል ግጥም የጻፈች ሴት ነበረች ወይ ብለው ለጠየቁት፦ አዎ፣ እኔ አብልጬ የምወዳት ሚልድረድ ባርከር ናት። እ.ኤ.አ. በ1897 በሮድ አይላንድ ተወለደች። አባቷ ከሞተ በኋላ እናቷ በ1903 ሜይን ውስጥ በአልፍሬድ ለሚኖሩት ሼከሮች በአደራ ሰጠቻት። እዚያው አድጋ፣ በማኅበሩ ሥርዓት ሳታገባና የግል ሀብት ሳታፈራ ኖረች። አልፍሬድ በ1931 ሲዘጋ በዚያው በሜይን ወዳለው ሌላ የሼከሮች መንደር፣ ወደ ሳባዝዴይ ሌክ ተዛወረች።

ግጥሞቿና ጸሎቶቿ ታትመዋል። ትልቁ ውለታዋ ግን፣ በእኔ እምነት፣ ከአረጋውያን እህቶች አፍ የተማረቻቸውን እጅግ ብዙ መዝሙሮች በቃሏ ይዛ ማቆየቷ ነው። ከእነዚህ አንዳንዶቹ በጽሑፍ ያልሰፈሩ ስለነበሩ እሷ ባትኖር ኖሮ ከባለቤቶቻቸው ጋር በተቀበሩ ነበር! ለዚህም በ1983 የአሜሪካ ብሔራዊ የቅርስ ሽልማት ተሰጣት፤ በ1990 አረፈች። ዝማሬዋ በሸክላ ተቀርጿል፤ ከግጥሞቿ በፊት እርሱን ቢያደምጡ እመክራለሁ።