ፊቱን ከተቀባ በኋላ አይናገርም

የታይዋን አማልክት ሰልፍ ፎቶ ከለጠፍኩ ወዲህ ጥያቄው ዘንቦብኛል። ጥቂቶቹን ልመልስ።

*እነዚያ ፊታቸውን ተቀብተው ማራገቢያ ይዘው የሚንጎራደዱት ተዋናዮች ናቸው?*

እነሱ ቢሰሙዎት አይወዱትም። ባጂያጂያንግ ይባላሉ፤ ስምንቱ የጦር አለቆች እንደማለት ነው። ስምንት ይባሉ እንጂ አንዳንዴ አራት፣ አንዳንዴ አሥራ ሦስት ሆነው ይወጣሉ። የአምላካቸው ምስል በሰው ትከሻ ሲሄድ ፊት ፊት እየቀደሙ ክፉ መንፈስ ያሳድዳሉ። መነሻቸው ከቻይናዋ ፉጆ የመጡት የወረርሽኝ አማልክት ጠባቂነት ነው ይባላል። ከፊት ያለውን ሰው ልብ ይበሉ። በትከሻው ትንንሽ የማሰቃያ መሣሪያዎች የተንጠለጠሉበት እንጨት ተሸክሟል። ሲራመድ ይንቃጨላሉ።

*ታይናን ከተማ አንዱን ሰላም ብለው ዘጋኝ። ኩራት ነው?*

ኧረ በፍጹም! ፊቱ ከተቀባ በኋላ ሰውየው የለም፤ ያለው የጦር አለቃው ነው። ማውራትም መሳቅም ክልክል ነው። ከሰልፉ በፊት ሥጋ የሚተዉም አሉ። እኔን የሚገርመኝ፣ ይኼው ልጅ ትናንት በሞተር ሳይክል ምሳ ሲያደርስ የዋለ ሊሆን ይችላል።

*ምላሱን ያወጣው ረጅሙና ጠይሙ አጭሩ፣ ሁለቱ ግዙፍ አሻንጉሊቶችስ?*

ውስጣቸው ሰው አለ። ረጅሙ ሺዬ፣ አጭሩ ፋን ነው፤ ጓደኛሞች ነበሩ ይላል አፈ ታሪኩ። አንድ ቀን ድልድይ ሥር ዝናብ ያዛቸው። ሺዬ ጃንጥላ ላምጣ ብሎ ሄደ። ወንዙ ሞላ፤ ፋን ግን "እዚሁ ጠብቀኝ" ተብሏልና ምሰሶውን አቅፎ ሰመጠ። ሺዬ ተመልሶ ሲያየው ራሱን ሰቀለ። የአንዱ መጥቆር፣ የሌላው ምላስ መውጣት ከዚህ ነው። አሁን ሁለቱም የሞቱ ነፍሳትን እየያዙ ወደ ፍርድ ያደርሳሉ።

*በቴክኖ ሙዚቃ የሚጨፍረው ሕፃንስ ምን ዓይነት አምላክ ነው?*

ናጃ ነው፤ ሦስተኛው ልዑል። በ2009 እ.ኤ.አ. ካኦሹንግ ከተማ ላይ በተካሄደው የዓለም ጨዋታዎች መክፈቻ በሞተር ሳይክል ብቅ ብሎ ነበር። ለእኔ ሙዚቃው ይጮኻል፤ ልጅ አምላክ ሲጨፍር ግን ምን ይባላል?

*ባጂያጂያንጎቹ ወሮበሎች ናቸው ሲባል ሰማሁ።*

ስሙ ከአንዳንድ ቡድኖች አይጠፋም። ትምህርት ያቋረጡ ልጆች የሚሰበሰቡበት ስለሆነ፣ የወንበዴ ቡድኖችም ገብተውበታል። በሌላ በኩል ልጆቹን ወደ ትምህርት ቤት የሚመልሱ አሰልጣኞች አሉ። ሁሉንም በአንድ ጆንያ አልከትም።

*መቼ ሄጄ ልያቸው?*

በቻይናውያን የጨረቃ አቆጣጠር ሦስተኛው ወር። ያኔ የባሕር አምላኳ ማዙ በመካከለኛው ታይዋን ካለችው ዳጂያ ተነስታ ዘጠኝ ቀን፣ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ትጓዛለች። ፎቶ ያንሱ፤ ነገር ግን ሰልፋቸውን አቋርጠው እንዳይሻገሩ።