የቃርሚያ ስንዴ፦ ከሞርሞን ሴቶች ጎተራ የሚቀሰም ትምህርት

ልጆቼ፣ በማኅበር ለመቆጠብ የምታስቡ ሁሉ፣ በአሜሪካ ዩታ ይኖሩ የነበሩ የሞርሞን (የአንድ ክርስቲያናዊ ቤተ ክርስቲያን ተከታይ) ሴቶችን የስንዴ ሥራ ልብ ብላችሁ እንድታጠኑት እፈልጋለሁ።

እ.ኤ.አ. በ1876 የቤተ ክርስቲያኒቱ መሪ ብሪገም ያንግ ለክፉ ቀን እህል የማከማቸቱን ሥራ ለሴቶቹ ሰጡ፤ የሥራው መሪ ኤመሊን ዌልስ የተባሉ ሴት ሆኑ። ሴቶቹ የተረፈ ገንዘብ አልነበራቸውም። ስለዚህ ከአጨዳ በኋላ ማሳ ላይ የወደቀውን ዛላ ቃረሙ። ዶሮዎቻቸው እሁድ የጣሉትን እንቁላል ደግሞ ለመረዳጃ ማኅበራቸው ለሪሊፍ ሶሳይቲ ይሰጡ ነበር።

መሰብሰቡ ቀላሉ ነው፤ የሚከብደው ማቆየቱ ነው። ለዓመታት የሚቀመጥ ስንዴ በጥርስ ሲነከስ ቀጭ ብሎ እስኪሰበር መድረቅ አለበት። እርጥበት ይዞ ጎተራ ከገባ ይግላል፣ ይሻግታል። ነቀዝ ከፈላበት ደግሞ ፍሬው ቀፎ ይሆናል። ሴቶቹ ጎተራ ሠሩ፤ ከሁሉ የማደንቅላቸው ግን ብድሩን ነው። ዘር ለቸገረው ገበሬ አሮጌውን ስንዴ ይሰጡታል፤ አዝመራው ሲገባ ከነጭማሪው በአዲስ እህል ይመልሳል። ክምችቱ በዚህ ይታደሳል፣ ያድጋልም።

እነዚሁ ሴቶች የሞከሩት የሐር ሥራ ግን እንዲህ አልቀናም። የሐር ትል ከተፈለፈለ እስኪፈትል አንድ ወር ገደማ፣ በቀን ደጋግሞ ትኩስ የመልበሪ (የቱት) ዛፍ ቅጠል ይፈልጋል፤ ውኃ ያዘለ ቅጠል ያሳምመዋል። በመጨረሻው ሳምንት የሚበላው ከቀደሙት ሳምንታት ሁሉ ይበልጣልና ያኔ ቅጠል ካጠረ የወሩ ድካም ገደል ይገባል። ዩታ በ1896 ለሐር ሥራ ድጎማ ጀመረች፤ በ1905 ድጎማው ሲቀር ሥራውም ከሰመ። በድጎማ ብቻ የቆመ ሥራ ስታዩ ይህን አስታውሱ።

ስንዴውን የጎዳው ግን ነቀዝ ብቻ አልነበረም፤ የባለቤትነት ጥያቄም ነበር። የየአጥቢያው ጳጳሳት (በሞርሞኖች ዘንድ የአንድ አጥቢያ ኃላፊዎች) በእህሉ ላይ ማዘዝ ይፈልጉ ነበር። በ1918፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ ከ200,000 ቡሼል በላይ ስንዴ ለአሜሪካ መንግሥት ተሸጠ፤ አንድ ቡሼል 27 ኪሎ ያህል ነው። ሽያጩን የፈቀዱት የቤተ ክርስቲያኒቱ ወንዶች ኃላፊዎች ሲሆኑ፣ የማኅበሩ ፕሬዚዳንት የነበሩት ኤመሊን ዌልስ እንኳ አልተጠየቁም። አርባ ዓመት ለለቀሙት እህል! እናንተ ቁልፉ በማን እጅ እንደሚሆን፣ ለመሸጥ የእነማን ፊርማ እንደሚያስፈልግ ጎተራው ገና ባዶ ሳለ በደንባችሁ ላይ ጻፉ።

የሽያጩ ገንዘብ አልባከነም፤ ተቀምጦ፣ ወለዱ ለወላድ እናቶችና ለሕፃናት ጤና ዋለ።