የጤና መድኔ ካልታደሰ የኤችአይቪ መድኃኒቴ ይቆማል? እና ሌሎች ጥያቄዎቻችሁ

የዚህ ሳምንት መልእክቶቻችሁ በአብዛኛው ስለ አንድ ነገር ናቸው። እንደተለመደው ስም አልጠቅስም።

«ደሴ ሆጤ ጉልት እቸረችራለሁ። የጤና መድን መዋጮ መክፈያው ጊዜ አለፈኝ። ቫይረሱ በደሜ ስላለ በየቀኑ መድኃኒት እወስዳለሁ። መድኑን ሳላሳድስ ብሄድ ይከለክሉኛል?»

አይከለክሉሽም እህቴ። የኤችአይቪ መድኃኒት ከመድኑ ጋር አልተሳሰረም። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በመንግሥት ጤና ተቋማት በነፃ ይሰጣል። ወጪውን በአብዛኛው ሲሸፍኑ የኖሩት ዓለም አቀፉ ግሎባል ፈንድና ፔፕፋር የሚባለው የአሜሪካ መንግሥት የኤችአይቪ ፕሮግራም ናቸው። እንደ ቲቢ ሕክምናና እንደ ክትባት ሁሉ ከክፍያ ነፃ ከሆኑት አገልግሎቶች አንዱ ነው። አባል ሆንሽ አልሆንሽ ያው ነው።

«ታዲያ መድኑ ምን ያደርግልኛል?» እንዳትዪ። ቫይረሱ ያለበት ሰው ግፊትም፣ ስኳርም፣ ጨጓራም ይይዘዋል። የኤችአይቪ መድኃኒት ከሚሰጥበት ከኤአርቲ ክፍል ወጥተሽ ተመላላሽ ክፍል ስትገቢ ሒሳቡ ይጀምራል። ብዙ ሰው የሚደናገጠው እዚህ ላይ ነው። መድኑ የሚያስፈልግሽ ለዚህ ነው፤ የሚቀጥለው የእድሳት ጊዜ እንዳያመልጥሽ። ለእኛ ለወሎዎች መድኑ እንግዳ ነገር አይደለም። በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ሲሞከር ጎረቤታችን ተሁለደሬ አንዷ ነበረች። ሆስፒታል ስትሄጂ ግን ከጤና ጣቢያ የሪፈር ወረቀት መያዝ አትርሺ።

«እህቴ አሜሪካ ነው ያለችው። ፋርማሲው ‹መድንሽ ካልፈቀደ የኤችአይቪ መድኃኒቱን አንሰጥሽም› አላት። እንዲህ ያለ ነገር አለ?»

አለ። ቅድመ ፈቃድ ይሉታል። ሐኪም ያዘዘውን መድን ከፋዩ እስኪያጸድቀው በሽተኛው ይጠብቃል። በእኔ እምነት ለዚህ መድኃኒት ጨርሶ ሊኖር አይገባም። መድኃኒቱ ሲቆራረጥ ቫይረሱ ያንሰራራል፣ ሊላመደውም ይችላል። ሜዲኬር በሚባለው፣ በአብዛኛው ከ65 ዓመት በላይ ላሉ ሰዎች በሆነው የመንግሥት መድን፣ ለፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት ቅድመ ፈቃድ መጠየቅ አይቻልም። ሜዲኬይድ ግን የዝቅተኛ ገቢ ሰዎች መድን ስለሆነና ክፍለ ግዛቶች ስለሚያስተዳድሩት ሕጉ ይለያያል። መጀመሪያ የእሷ የቱ እንደሆነ ትጠይቅ። ሐኪሟ አስቸኳይ ጥያቄ እንዲልክላት ታድርግ። ራያን ኋይት የሚባለው ፕሮግራምም መድን ለሌለው ወይም መድኑ ለማይበቃው ስለሚያግዝ ስለ እሱ ትጠይቅ።

«ደሴ የማያውቀኝ የለም። መድኃኒቱን ኮምቦልቻ ሄጄ ብወስድስ?»

ይቻላል፤ ብዙ ሰው ያደርገዋል። ዝም ብለህ አዲስ ካርድ ግን አታውጣ። ከምትከታተልበት ቦታ የዝውውር ወረቀት አጽፍ። አለዚያ ደሴ ላይ «ጠፋ» ተብለህ ትመዘገባለህ፤ ኮምቦልቻ ያለው ባለሙያም ከዚህ በፊት ምን ስትወስድ እንደነበር አያውቅም። የቫይረሱ መጠን ዝቅ ብሎ ከረጋ ደግሞ የ6 ወር መድኃኒት በአንዴ ስጡኝ በል። በዓመት ሁለቴ ብቻ ብቅ ካልክ ማን ያይሃል? ብቻ የመጨረሻዋ ኪኒን እስክታልቅ አትጠብቅ። በ2014 ጦርነቱ እዚህ ሲደርስ ክትትል እንዴት እንደተቋረጠ አይተናል።

«ረመዳን ላይ ኪኒኑን እንዴት ላድርገው?»

ዶሉቴግራቪር የሚባለው ፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት ያለበትን በቀን አንዴ የሚወሰደውን ከሆነ የምትወስደው ቀላል ነው። በምግብም ያለ ምግብም ይሆናል። አፍጥር ላይ ወይም ሱሑር ላይ ሰዓት መርጠህ በዚያው ቀጥል። አንታሲድ፣ ማለትም የጨጓራ አሲድ ማብረጃ፣ የምትወስድ ከሆነ ኪኒኑን ከእሱ 2 ሰዓት ቀድመህ ወይም 6 ሰዓት ቆይተህ ውሰድ። የቲቢ መድኃኒትም ላይ ካለህ ዶሉቴግራቪሩ በቀን ሁለቴ ሊሆን ስለሚችል ጾሙ ሳይገባ ባለሙያህን አነጋግር።