ሜዲካል አሲስታንት ልሁን? ከመፈረምሽ በፊት

ጥያቄ፦ "24 ዓመቴ ነው። በዲቪ አሜሪካ ከመጣሁ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። 12ኛ ክፍልን አገር ቤት ጨርሻለሁ። አሁን መጋዘን ውስጥ የማታ ሺፍት እሠራለሁ። አንድ የግል ማሰልጠኛ በዘጠኝ ወር ሜዲካል አሲስታንት እንደሚያደርገኝ ነገረኝ። ክፍያው 17,000 ዶላር ነው። 'ከዚያ ወደ ነርስ በቀላሉ ትሻገሪያለሽ፤ እስከ ዓርብ ካልፈረምሽ ግን ቦታው ያልፍሻል' አሉኝ። ልፈርም?"

መልስ፦ በዚህ ዓርብ አትፈርሚ። ሙያው መጥፎ ሆኖ አይደለም። ከመጋዘን የማታ ሥራ ወጥቶ ሕክምናው ውስጥ እግሩን ማስገባት ለሚፈልግ ሰው ደህና በር ነው። የሚያሳስበኝ የተነገረሽ ነገር ነው። ደህና ትምህርት ቤት ተማሪውን "ያልፍሻል" እያለ አያጣድፍም።

መጀመሪያ የነርሷን ነገር እናጥራ። ክሊኒክ ውስጥ ሐኪሙን የምታግዘው ሜዲካል አሲስታንት የነርስ ግማሽ አይደለችም፤ መስመሩ ሌላ ነው። ነርስ ለመሆን የነርሲንግ ትምህርት ጨርሰሽ፣ ኤንክሌክስ የሚባለውን ፈተና አልፈሽ የስቴትሽን ፈቃድ ማግኘት አለብሽ። የሜዲካል አሲስታንት ኮርሶችን፣ በተለይ ከግል ማሰልጠኛ ከሆኑ፣ የነርሲንግ ትምህርት ቤቶች አብዛኛውን ጊዜ አይቆጥሩልሽም። ስለዚህ ልብሽ ነርስነት ላይ ከሆነ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ገብተሽ አናቶሚና ማይክሮባዮሎጂ ጀምሪ፤ ጎን ለጎን ሲኤንኤ፣ ማለትም የነርስ ረዳት፣ ሆነሽ ሥሪ። የሲኤንኤ ሥልጠና በፌደራል ሕግ ቢያንስ 75 ሰዓት ነው። አንዳንድ ስቴቶች ይጨምሩበታል፤ ቢሆንም በሳምንታት ያልቃል። ሥራው ወገብ ይቆርጣል፤ ግን በሽተኛ መንከባከብ ይሆንልሽ እንደሆነ ቶሎ ያሳይሻል።

"የለም፣ የምፈልገው ሜዲካል አሲስታንትነቱን ነው" ካልሽ እንቀጥል። ሥራው በአብዛኛው ክሊኒክ ውስጥ፣ በቀን ነው። ታካሚውን ጠርተሽ ታስገቢያለሽ፤ ክብደትና ግፊት ትለኪያለሽ፤ የሚወስዳቸውን መድኃኒቶች ጠይቀሽ ኮምፒውተር ላይ ትሞያለሽ። ሐኪሙ ሲያዝ ክትባት ትሰጫለሽ፣ ለምርመራ ደም ትቀጂያለሽ፣ ኢሲጂ የሚባለውን የልብ ምርመራ ታነሺያለሽ። ቀሪው ስልክ፣ ቀጠሮና ከኢንሹራንስ ጋር ንትርክ ነው። ይሄኛውን ማስታወቂያው ላይ አያሳዩሽም። የማይፈቀድልሽም ነገር አለ። ታካሚ ደውሎ "ደረቴን ወጋኝ፣ ልምጣ ወይስ ልቆይ?" ቢልሽ መልሱ ያንቺ አይደለም፤ ወዲያው ለነርስ ወይም ለሐኪም ታስተላልፊያለሽ። ደሞዙን ካነሳን፣ የአሜሪካ የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮ ለ2023 ያወጣው መካከለኛ የዓመት ደሞዝ ወደ 42,000 ዶላር ነበር። ከዚያ ላይ ግብርና የቤት ኪራይ ቀንሰሽ፣ የ17,000 ዶላር ብድር በስንት ዓመት እንደሚከፈል አስቢው።

አሁን ብዙ ሰው ወደሚሸወድበት ቦታ እንምጣ። አብዛኞቹ ስቴቶች ለዚህ ሥራ እንደ ነርስ ፈቃድ አይጠይቁም፤ ዋሽንግተን ስቴትን የመሰሉ ግን ይጠይቃሉ። ሕጉ ባይጠይቅም ብዙ ቀጣሪ ሰርተፊኬት ይፈልጋል። ይህ ሰርተፊኬት ደግሞ ትምህርት ቤቱ በምረቃ ቀን የሚሰጥሽ ወረቀት አይደለም፤ ብሔራዊ ፈተና ተፈትነሽ የምታገኚው ነው። የታወቁት ሲኤምኤ፣ አርኤምኤ እና ሲሲኤምኤ ናቸው። ለሲኤምኤ ዋናው መንገድ ካሄፕ ወይም አብሄስ የሚባሉት አካላት እውቅና የሰጡትን ፕሮግራም መጨረስ ነው። የሲሲኤምኤ በር ሰፋ ይላል። ማሰልጠኛው "እውቅና አለን" ሲልሽ "እውቅናው የትምህርት ቤቱ ነው ወይስ የሜዲካል አሲስታንት ፕሮግራሙ?" ብለሽ ጠይቂ። ሁለቱ ይለያያሉ። ከዚያ በየትኛው ፈተና እንደሚያስቀምጥሽ በጽሑፍ ይስጡሽ። በአካባቢሽ የወጡ የሥራ ማስታወቂያዎችን ደግሞ አንብቢና ቀጣሪዎቹ የትኛውን ሰርተፊኬት እንደሚጠሩ እይ።

ሌላው የክሊኒክ ልምምድ ነው። ኤክስተርንሺፕ ይሉታል። ካሄፕ ያጸደቀው ፕሮግራም ቢያንስ 160 ሰዓት ያስለማምዳል። "ቦታውን ማን ነው የሚፈልግልኝ?" በያቸው። "አንቺው ትፈልጊያለሽ" ካሉሽ ተያቸው። ያለ ትውውቅ ክሊኒክ እየዞሩ በር ማንኳኳት ሰው ያስመርራል። የመጀመሪያ ሥራም ብዙ ጊዜ የሚገኘው እዚያው ከተለማመዱበት ነው፤ በሰዓቱ የምትገኝ፣ ታካሚ የማታመናጭቅ ልጅ አይተው መልቀቅ አይፈልጉም።

ገንዘቡን በተመለከተ የሆነውን ልንገርሽ። ኮሪንቲያን ኮሌጅስ የሚባል ኩባንያ ኤቨረስት በሚል ስም ብዙ ሜዲካል አሲስታንቶችን ያሠለጥን ነበር። በ2015 ተዘጋ። የትምህርት ሚኒስቴሩ በ2022 የ560,000 ተበዳሪዎችን 5.8 ቢሊዮን ዶላር ዕዳ እንደሚሰርዝ አስታወቀ። እስከዚያ ድረስ ስንቱ በዕዳ ሲጨነቅ ኖረ! አንቺ ግሪን ካርድ ስላለሽ ፋፍሳ የሚባለውን የመንግሥት የትምህርት እርዳታ ማመልከቻ መሙላት ትችያለሽ። ገቢሽ ዝቅተኛ ከሆነ ፔል ግራንት የሚባለው የማይመለስ እርዳታ አለ፤ በ2025–26 የትምህርት ዘመን ጣሪያው 7,395 ዶላር ነበር። ብዙ የኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ሰርተፊኬቶችን ክፍያ በአብዛኛው ይሸፍናል። በጣም አጫጭር ሥልጠናዎች ግን ለፔል ላይበቁ ይችላሉ፤ የኮሌጁን ፋይናንሻል ኤድ ቢሮ አስቀድመሽ ጠይቂ። ደሞዝ እየከፈሉ የሚያሠለጥኑ ሆስፒታሎችና ክሊኒኮችም አሉ፤ አፕረንቲስሺፕ ብለሽ ፈልጊ።

ወረቀቶችሽን ከአሁኑ ጀምሪያቸው። የ12ኛ ክፍል ማስረጃሽን የሚያስገመግሙልሽ ድርጅቶች አሉ፤ ኮሌጁ የየትኛውን እንደሚቀበል ጠይቀሽ ላኪ። ማስረጃው ላይ ያለው ዓመተ ምሕረት የኛ አቆጣጠር ከሆነ አስቀድመሽ አስረጂ፤ ካልሆነ ገና ልጅ ሳለሽ 12ኛን የጨረስሽ ይመስላቸዋል። የአያት ስም ነገርም አለ። ለፈተና የምትመዘገቢበት ስም መታወቂያሽ ላይ ካለው ጋር አንድ መሆን አለበት።

ለልምምድ ክትባትና የቲቢ ምርመራ ይጠየቃል። የተለመደው የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ሦስት ጊዜ ይሰጣል፤ እስኪያልቅም ስድስት ወር ይፈጃል። ስለዚህ ምዝገባን አትጠብቂ። በሕፃንነትሽ የቢሲጂ ክትባት ወስደሽ ከሆነ የቆዳው የቲቢ ምርመራ ቲቢ ሳይኖርብሽ "አለ" ሊል ይችላል። የደም ምርመራው በቢሲጂ አይሳሳትምና እሱ ይደረግልኝ በይ። አለበለዚያ በራጅና በቀጠሮ ስትንከራተቺ ልምምዱ ሊያመልጥሽ ይችላል።

ሥራ ስታመለክቺ አማርኛ መቻልሽን ከላይ ጻፊው። አበሻ በሚበዛበት አካባቢ ትልቅ ነገር ነው። ተቀጥረሽ "ነይ፣ ለእማማ ተርጉሚላቸው" ሲሉሽ ግን ቆም በይ። በሕጉ መሠረት የሕክምና ንግግር የሚተረጉም ሠራተኛ ችሎታው የተረጋገጠ መሆን አለበት። ቀጣሪሽ የቋንቋ ፈተና ይስጥሽ፤ አንዳንዱ ለዚህ የሰዓት ክፍያሽ ላይ ትንሽ ይጨምራል። እስከዚያው እማማን በደንብ ሰላም በያቸው፤ ውጤታቸውን ግን አስተርጓሚው በስልክ ይንገራቸው። እማማ የምታውቂያቸው ሰው ከሆኑ ደግሞ ክሊኒክ መምጣታቸውን እንኳ ቤት ሄደሽ አታንሺ፤ ሂፓ የሚባለው የታካሚ ምስጢር ሕግ እዚያም ይከተልሻል።