ስማርት ጠረጴዛ ለጅማ ይጠቅማል? የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ጠረጴዛው ራሱ ሜኑ የሚያሳይበት የውጭ ምግብ ቤት ቪዲዮ በየሰዉ ስልክ ሲዞር ከረመ። ከዚያ ወዲህ ከጅማ የሚደርሱኝ ጥያቄዎች በብዛት ስለ ስማርት ጠረጴዛና ስለ ስማርት ኩባያ ሆነዋል። የተወሰኑትን ዛሬ እመልሳለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ምግብ ቤት አለኝ። አሜሪካ ያለው ወንድሜ ስክሪን ያላቸው ጠረጴዛዎች ልላክልህ ይለኛል። ደንበኛው ነክቶ ያዛል፣ ሒሳቡንም እዚያው ያያል። ልቀበለው?

ወንድሜ፣ እኔ አትቀበል ነው የምልህ። ወንድምህን አመስግነው፤ ገንዘቡን ግን ለሌላ ነገር ያውለው።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። አታሪ የተባለው የቪዲዮ ጌም ድርጅት መሥራች ኖላን ቡሽኔል በ2006 ሎስ አንጀለስ ውስጥ በየጠረጴዛው ስክሪን የተገጠመበት ዩዊንክ የሚባል ምግብ ቤት ከፍቶ ነበር። ብዙ ዓመት አልቆየም። ማይክሮሶፍት በ2007 ሰርፌስ ብሎ ያስተዋወቀው ጠረጴዛ ዋጋው 10,000 ዶላር አካባቢ ነበር፤ ዛሬ ስሙ የተረፈው በታብሌትና በላፕቶፕ ላይ ነው። የተሳካለትም አለ። ለንደን ሶሆ ውስጥ በ2008 የተከፈተው ኢናሞ ምስሉን ከጣሪያ በፕሮጀክተር ጠረጴዛው ላይ ያወርዳል። ደንበኛው እዚያው ያዛል፣ የጠረጴዛውን መልክ ይቀይራል፣ ኪችኑን ሳይቀር በካሜራ ያያል። እዚያ የሚሄድ ሰው ግን ጠረጴዛውንም ሊያይ ብሎ ነው። አንተ ቤት የሚመጣው ጥብስና ሽሮ ፈልጎ ነው።

እስቲ ቤትህን በዓይነ ህሊናህ እየው። ደንበኛው እጁን ታጥቦ ይቀመጣል። በየዓይነቱ ይመጣል፣ ከጓደኛው ጋር ከአንድ ትሪ ይበላል። ቀኝ እጁ ወጥ ነክቷል። እንጀራ ማስጨመር ሲፈልግ ስክሪኑን በምን ይንካው? የንክኪ ስክሪን እርጥብ ጣት ሲያገኘው ይሳሳታል፤ ዘይትና በርበሬ ሲደርቅበት ደግሞ ለማጽዳትም ለማየትም ያስቸግራል። ትሪው ራሱ ጠረጴዛውን ከዳር እስከ ዳር ስለሚሸፍነው ስክሪኑ ከሥር ተደብቆ ይውላል። ያ ጠረጴዛ የተሠራው በሳህንና በሹካ ለሚበላ ሰው ነው።

የመብራቱም ጉዳይ አለ። የአሜሪካ ዕቃ ለ120 ቮልት ብቻ የተሠራ ሊሆን ይችላል፤ የእኛ 220 ነው። ያኔ በየጠረጴዛው ትራንስፎርመር ልታስቀምጥ ነው። መብራት ሄዶ ድንገት ሲመለስ እንዲህ ያለ ዕቃ ቶሎ ይቃጠላል፤ የጅማ ዝናብ ሲበረታ መብራቱ እንዴት እንደሚሆን ደግሞ ካንተ በላይ የሚያውቅ የለም። አንዱ ሲበላሽ መለዋወጫው ከየት ይመጣል?

ትርፉንም እናስላ። ቶም ታንና ሰርጌ ኔተሲን የተባሉ ተመራማሪዎች በምግብ ቤት ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ታብሌት ያመጣውን ለውጥ አጥንተው ነበር። በአንድ ሒሳብ ላይ የጨመረው ሽያጭ 1 በመቶ ገደማ ነው። ትልቁ ለውጥ ሰው ተቀምጦ የሚቆይበት ጊዜ ነው፤ ወደ 10 በመቶ አጥሯል። በምሳ ሰዓት ሰው በር ላይ ቆሞ ለሚጠብቅበት ቤት ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ያንተ ቤት እንደዚያ የሚሞላ ከሆነ ጊዜው የት እንደሚባክን ቆመህ ተመልከት። እኔ ባየኋቸው ቤቶች የሚባክነው ሒሳብ ላይ ነው። ሒሳብ ይጠራል፣ ይጠበቃል፣ ብር ይሰጣል፣ ከዚያ መልስ ለመስጠት ዝርዝር ፍለጋ ይኬዳል።

ስለዚህ በየጠረጴዛው የቴሌብር ኪውአር ኮድ ለጥፍ። ቴሌብር ከ2021 ጀምሮ አለ፤ ደንበኛህም ለምዶታል። ወጪው የወረቀትና የላሚኔሽን ብቻ ነው። ወንድምህ የመደበውን ገንዘብ ይላክልህና የውሃ ሮቶና ጥሩ የእጅ መታጠቢያ አሠራበት። ይሄን የምልህ ከልቤ ነው። ቧንቧው ደርቆበት እጁን በጀሪካን ውሃ የታጠበ ደንበኛ የሚያስታውሰው እሱን ነው።

አስተናጋጅ ነኝ። ባዶ መሆኑን ራሱ የሚናገር ብርጭቆ መጥቷል ይላሉ። እውነት ነው? እውነት ከሆነ የእኛ እንጀራ ምን ሊሆን ነው?

እህቴ፣ እውነት ነው። ከ20 ዓመት በላይም ሆኖታል። በ2002 በሚትሱቢሺ ኤሌክትሪክ የአሜሪካ የምርምር ማዕከል ፖል ዲትዝና ባልደረቦቹ አይግላስዌር የሚባል ብርጭቆ ሠርተው አሳይተዋል። አሠራሩ በጣም ደስ ይላል። ብርጭቆው ባትሪ የለውም። ጠረጴዛው ውስጥ ጥቅልል ሽቦ ተቀብሯል፤ ብርጭቆው ሲቀመጥበት ኃይል የሚያገኘው ከዚያ ነው። ብርጭቆው ላይ ደግሞ ዓይን የማያየው፣ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ቅብ አለ። መጠጡ እየቀነሰ ሲሄድ ቅቡ ኤሌክትሪክ የመያዝ አቅሙ ይለወጣል። ያ ልኬት ወደ ጠረጴዛው ይተላለፋል፤ አስተናጋጁም የትኛው ጠረጴዛ ላይ መጠጥ እንዳለቀ ያውቃል።

ያን ያህል ተለፍቶበት ዛሬም በየምግብ ቤቱ አታዪውም። አንደኛ፣ ብርጭቆ ይሰበራል። ሁለተኛ፣ ብርጭቆውንም ጠረጴዛውንም አንድ ላይ መቀየር ይጠይቃል። ከሁሉም በላይ ግን ነገሩ የሚጠቅመው ለሌላ ዓይነት ቤት ይመስለኛል። አሜሪካ ውስጥ ብዙ ቤት ለስላሳ መጠጥ ሲያልቅ ያለ ክፍያ ይሞላል፤ ስለዚህ ባዶ ብርጭቆ ማለት አስተናጋጁ ዘገየ ማለት ነው። እኛ ጋ ሁለተኛው ቢራ ሁለተኛ ሒሳብ ነው። ጠርሙሱ ባለቀ ቁጥር «ልድገም?» የሚል አስተናጋጅ ደንበኛ ያባርራል። ማን መድገም እንደሚፈልግ፣ ማን ጨዋታ ይዞ መቀመጥ ብቻ እንደሚፈልግ አንቺ ፊቱን አይተሽ ታውቂያለሽ። ይህን የሚያውቅ ብርጭቆ የለም።

እኔ ላንቺ የምመኘው ሌላ ዕቃ አለ። ደንበኛ አጨብጭቦ ሲጠራሽ ምን እንደሚሰማሽ መገመት እችላለሁ። በየጠረጴዛው የሚቀመጥ ገመድ አልባ የጥሪ ደወል አለ፤ በትንሽ ክብ ባትሪ ይሠራል። ደንበኛው ሲጫነው የጠረጴዛው ቁጥር ግድግዳ ላይ ባለ ሰሌዳ ወይም እጅሽ ላይ ባሰርሽው ሰዓት መሳይ መቀበያ ላይ ይወጣል። ጭብጨባውንም ያለ ሥራ መመላለሱንም ይቀንሳል። መስማት ለተሳነው ወይም ድምፁ ለደከመ ደንበኛም ትልቅ እፎይታ ነው። ለባለቤቱ ንገሪው።

ሁለት ነገር ግን አስቀድመሽ ተነጋገሪ። ሥራው ቀለለ ተብሎ ጠረጴዛ የሚጨመርብሽ ከሆነ ደሞዙም ይታይ። ሌላው ቲፕ ነው። ሰው በስልክ ሲከፍል መልስ የለም፣ መልስ ከሌለ ደግሞ ትሪው ላይ የሚቀር ነገር የለም። ቲፕ በስልክ የሚገባበትን መንገድ ባለቤቱ እንዲያመቻች፣ ለማን እንደሚደርስም በግልጽ እንዲያስቀምጥ ጠይቁት። ብቻሽን አትጠይቂ፤ ሁላችሁም ሆናችሁ።

የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ውሃ መጠጣት እረሳለሁ። የሚያስታውስ ስማርት ኮዳ ልግዛ?

አትግዢ። እንደ ሃይድሬትስፓርክ ያሉት ኮዳዎች ምን ያህል እንደጠጣሽ ይለካሉ፣ ሰዓቱ ሲደርስ ብርሃን ያበራሉ። ይሠራሉ። ግን የስልክሽ አላርም ያንኑ ያደርጋል፤ መስመር የተሰመረበት ተራ ኮዳም መጠኑን ያሳይሻል። በ2014 ቬሲል የሚባል ኩባያ የተቀዳበትን መጠጥ ዓይነት ለይቶ ያውቃል ተብሎ በብዙ ጩኸት ተሸጦ ነበር። መጨረሻ ላይ የወጣው የውሃ መጠን የሚከታተል ኩባያ ብቻ ነው። የኩላሊት ጠጠር ኖሮብሽ ሐኪም በቀን ይህን ያህል ጠጪ ካለሽ ነገሩ ይለያል፤ ያኔ መለኪያ ያለው ዕቃ ዋጋ አለው።

ቡና አፍልቼ እሸጣለሁ። ሙቀት የሚጠብቀው የኤሌክትሪክ ኩባያ ለደንበኞቼ ይሆናል?

ያየሽው ኢምበር የሚባለውን ሳይሆን አይቀርም። ውስጡ ማሞቂያና ባትሪ አለው፤ መጠጡን ከ50 እስከ 62.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው መካከል በመረጥሽው ልክ ያቆየዋል። ዋጋው ከ100 ዶላር በላይ ነው፤ ባትሪው ከማስቀመጫው ሲነሳ ከአንድ ሰዓት ተኩል ብዙም አያልፍም። አንድ ትልቅ ኩባያ ይዞ ጠረጴዛው ላይ ግማሽ ቀን ለሚያፈጥ ሰው ጥሩ ዕቃ ነው። ሲኒ ግን እስኪቀዘቅዝ አይጠበቅም። ከአቦል እስከ በረካ ያለውን ሙቀት የሚጠብቀው ጀበናውና ፍሙ ነው።

ሲኒዎቹን ከመቅዳትሽ በፊት በፈላ ውሃ አለቅልቂያቸው፤ የሞቀ ሲኒ የቡናውን ሙቀት አይሰርቅም። በጣም ትኩስ አድርጎ መስጠቱም አይመከርም። የዓለም የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ2016 ከ65 ዲግሪ በላይ ትኩስ መጠጥ የምግብ ቧንቧ ካንሰር ሳያመጣ አይቀርም ብሎ መድቦታል። ጅማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ከዚያም ቢሆን እስከ 65 ገና ብዙ ይቀረዋል። አተላው እስኪዘቅጥ ጀበናውን የምታስቀምጪባት ጊዜ ለደንበኛሽ ጉሮሮም ትጠቅማለች።

አናጢ ነኝ፤ የጅማ በርጩማና ጠረጴዛ እሠራለሁ። አንድ ካፌ ስልክ ያለ ገመድ ቻርጅ የሚያደርግ ጠረጴዛ አዞኛል። ይቻላል?

ይቻላል፤ ከዛሬዎቹ ጥያቄዎች ሁሉ ይሄ በጣም ደስ አለኝ።

መጀመሪያ ባለ ካፌው የሚገዛው ቻርጀር ቺ (Qi) በሚባለው ደረጃ የሚሠራ መሆኑን አረጋግጥ። ስታርባክስ በ2014 ሌላ ዓይነት፣ ፓወርማት የሚባለውን በጠረጴዛዎቹ መግጠም ጀምሮ ነበር፤ በ2017 አይፎን ቺን ይዞ ሲመጣ መቀየር ግድ ሆነበት። ዛሬ ገመድ አልባ ቻርጅ የሚቀበሉ ስልኮች በቺ ነው የሚሠሩት። ርካሽ ስልኮች ግን ይህ የላቸውም፤ ስለዚህ ጎን ላይ የዩኤስቢ መሰኪያም ጨምርበት።

አሁን ወደ እንጨቱ። ተራው ቻርጀር የሚያልፈው ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ ነው። የዋንዛ ጣውላህ 3 ሳንቲ ውፍረት ካለው ከላይ ምንም አይደርስም። ጣውላውን ገልብጠህ ከሥር በኩል በቻርጀሩ ልክ ክብ ጎድጓዳ አውጣ፤ ከላይ የሚቀረው 5 ሚሊሜትር ገደማ ይሁን። ራውተር (የእንጨት መጎድጎጃ ማሽን) ካለህ ጥሩ፣ ከሌለህ በመሮም ይወጣል፤ ወለሉ ግን ልሙጥ ይሁን፣ ቻርጀሩ እንጨቱን ሳይለቅ ይጠጋ። አምስት ሚሊሜትር ስስ ስለሆነ ስንጥቅ ወይም አንጓ ያለበትን ቦታ አትምረጥ፣ እንጨቱም በደንብ የደረቀ ይሁን። የጅማ እርጥበት ያልደረቀ ጣውላ ላይ ምን እንደሚያደርግ ለአንተ አልነግርህም። ምስማርም ሆነ ብሎን ከቻርጀሩ በላይ እንዳይገባ፤ ብረት መሀል ከገባ ይግላል። ከሥር አትድፈነው፣ አየር ያግኝ፣ ሲበላሽም በአንድ ብሎን ተፈቶ የሚቀየር ይሁን። ከላይ ቦታውን በትንሽ ቅርጽ ምልክት አድርግበት።

እንጨቱ የጅማ፣ ጥበቡ ያንተ፣ የሚበላሸው ክፍል ደግሞ ትንሽና ርካሽ። ስማርት ጠረጴዛ ማለት ካለብን እኔ የምገዛው ይሄን ነው።

አባቴን ይዤ ምሳ ወጣሁ። ሜኑው በስልክ ስካን ካልተደረገ አይታይም አሉን። ዳታ አልነበረኝም። ልክ ነው?

ልክ አይደለም። የስልክ ሜኑ ዋጋ ቶሎ ለመቀየር ለባለቤቱ ይመቸዋል፤ ግን ከወረቀት ጋር እንጂ በወረቀት ፋንታ መሆን የለበትም። አባትዎ የሚያነቡት፣ በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም በትልቅ ፊደል የተጻፈ ጥቂት ኮፒ ማስቀመጥ ማንንም አይከብደውም። በሚቀጥለው ጊዜ በትሕትና ይጠይቋቸው።

እናቴ እጃቸው ይንቀጠቀጣል። ቡና ሲጠጡ ይደፋባቸዋል፤ ከዚያ ወዲህ ከሰው ጋር ቡና መጠጣት ትተዋል። የሚረዳ ስማርት ዕቃ አለ?

ይሄ ጥያቄ ሲከነክነኝ ሰነበተ። እናትሽን ከቡና ማኅበር ያራቃቸው ነገር መፍትሔ ሊገኝለት ይገባል።

ስማርቱ ዕቃ አለ፤ ሊፍትዌር የሚባል ማንኪያ ነው። እጀታው ውስጥ ያለው ሴንሰር ንቅጥቃጤውን ይለካና ትንሽ ሞተር በተቃራኒው እያንቀሳቀሰ ጫፉን ያረጋጋዋል። ማንኪያውን የሠራውን ድርጅት ጉግል በ2014 ገዝቶት ነበር። ለሾርባና ለገንፎ ይረዳል፤ ለቡና ግን አይሆንም።

ለቡናው ባትሪ የሌለው ዕቃ ይሻላል። ሲኒ እጀታ የለውም፣ ቀላልም ነው፤ ለሚንቀጠቀጥ እጅ አስቸጋሪ ነው። ከታች ከበድ ያለ፣ በሁለት በኩል እጀታ ያለውና ክዳኑ ላይ መጠጫ ያለው ኩባያ ፈልጊላቸው። ግማሽ ብቻ ቅጂ። ክንዳቸውን ጠረጴዛ ላይ አሳርፈው ይጠጡ፤ በርጩማ ላይ ሳይሆን መደገፊያ ባለው ወንበር ይቀመጡ። ቡና ራሱ ንቅጥቃጤን ሊያባብስ ስለሚችል ከሦስቱ ዙር አቦሏን ብቻ ቢጠጡስ? ቀሪዎቹንም ከፈለጉ ቀጠን አድርገሽ ስጫቸው።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ሐኪም ይያቸው። የእጅ ንቅጥቃጤ በእርጅና ብቻ የሚመጣ አይደለም፤ ከእንቅርት ዕጢ፣ ከሚወስዱት መድኃኒት ወይም ከነርቭ ሕመም ሊሆን ይችላል፤ አብዛኛው ደግሞ ሕክምና አለው። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ስትሄዱ የሚወስዱትን መድኃኒት በሙሉ ከነካርቶኑ ይዛችሁ ሂዱ፤ ንቅጥቃጤው መቼ እንደጀመራቸው፣ እረፍት ላይ ይሁን ዕቃ ሲያነሱ እንደሚብስባቸውም ጻፊው። ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው።