ቀለበት፣ መናፈሻና ሽማግሌ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ኮምቦልቻ ፋብሪካ የሚሠራ ወጣት ፍቅረኛውን ደሴ ወስዶ ጸጥ ባለ መናፈሻ «ታገቢኛለሽ?» ሊላት አስቧል። ፀሐይ ስትጠልቅ ቢሆን ምን እንደሚመስለኝ ይጠይቃል።

የፀሐይዋን ነገር ተወው። ደሴ ላይ ገና ሳይመሽ ጦሳ ተራራ ጀርባ ትገባለች፤ ከዚያ በኋላ ያለው ብርድ ነው። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር፣ ደሴ ደግሞ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው፤ በዚያች 25 ኪሎ ሜትር ዳገት ሙቀቱ አራት ዲግሪ ያህል ይወርዳል። በስስ ቀሚስ የመጣች ልጅ ጥርሷ እየተንቀጫቀጨ «እሺ» ብትልህ ለጥያቄው ይሁን ቶሎ ለመሄድ አታውቅም። ከማክሰኞ እስከ ሐሙስ ካሉት ቀናት በአንዱ፣ ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል ላይ አድርገው፤ ሹራብም ያዝላት። (ረቡዕ ከሆነና የምትጾም ከሆነች ኬኩ የጾም ይሁን።) ቅዳሜና እሑድ፣ በተለይ በጥር፣ ሙሽሮች ከነሚዜዎቻቸው ለፎቶ ስለሚገቡ መቀመጫ አይገኝም። ቀደም ብለህ በዚያው ሰዓት ሄደህ ቦታውን እየው፤ ዘበኛውንም አናግር። ቃልህን ጀምረህ ሳለ «ፎቶ ክልክል ነው» የሚል ሰው ከመጣ አለቀ።

«ሳታውቅ ጣቷን እንዴት ልለካ?»

የቃል ኪዳኑ ቀለበት በሚገባበት ጣት የምታደርገውን ሌላ ቀለበት ወረቀት ላይ አስቀምጠህ የውስጡን ክብ በቀጭን እርሳስ ሥራ፤ የክቡን ስፋት መሃል ለመሃል በሚሊሜትር ለካ። የጣቷን ዙሪያ ካገኘህ ለ3.14 አካፍለው፦ 54 ሚሊሜትር ዙሪያ 17.2 ይሆናል። በክር አትለካ፣ ይለጠጣል፤ ቀጭን የወረቀት ቁራጭ ይሻላል። ብዙዎች የሚሳሳቱት የመሃል ጣቷን ቀለበት ይዘው ወርቅ ቤት ሲሄዱ ነው። ጣት በሙቀት ያብጣል፣ በብርድ ይኮማተራል፤ ኮምቦልቻ በቀትር ልክክ ያለው ደሴ ጠዋት ላይ ሊሾልክ ይችላል። ዙሪያውን ሙሉ ድንጋይ ያለበትን አትግዛ፣ ማጥበቡም ማስፋቱም አንጥረኛን ያስቸግራል። 18 ካራት ከተባልክ ውስጡ ላይ 750 የሚል ማኅተም ፈልግ።

«ልንበርከክ ወይስ ልቁም?»

ሣሩ ካልረጠበ ተንበርከክ። ባትንበረከክም ከደመወዝህ የሚቆርጥ የለም።

አንዱ ደግሞ አሥር ጓደኞቹን ቁጥቋጦ ጀርባ ሊደብቅ ነው፤ «እሺ» ስትል ርችት ይዘው ይወጣሉ፣ ካሜራማኑም በቀጥታ ቲክቶክ ላይ ያስተላልፋል።

«እሺ» ባትልስ? ደብዳቤህ ውስጥ ይህቺ ጥያቄ የለችም። ሰው ጸጥ ያለ ቦታ የሚመርጠው ተጠያቂዋ ያለ ይሉኝታ እንድትመልስ ነው፤ አንተ ግን ጸጥታውን ለድብቂያ ፈለግኸው። ሽማግሌዎቻችን ይህን ያውቁበታል። የልጅ አባት በመጀመሪያው ቀን «እሺ» አይልም፤ «ልጅቷን እንጠይቅ፣ ዘመድ እናማክር» ብሎ ቀጠሮ ይሰጣል፣ በዚያም የሚቀየም የለም። ላንተዋም ያንኑ ቀጠሮ ስጣት። ጓደኛ አንድ ይበቃል፤ እሱም ርቆ ይቀመጥና ስትደውልለት ይምጣ። መውጫዋን ዘግተህ አትቀመጥ። ነገሩን በሁለት ዓረፍተ ነገር ጨርስ። «ላስብበት» ካለች ሳጥኑን ዝጋ፣ ሻይህን ጠጣ፣ ሳይመሽ ቤቷ አድርሳት፤ ራሷ እስክታነሳው ድረስም አትጎትጉታት። ያን ጊዜ ሽማግሌ መላክ በአባቷ በኩል እጇን መጠምዘዝ ነው። «እሺ» ካለች ደግሞ ፎቶው ከመለጠፉ በፊት እናቷ ከአፏ ይስሙ፤ ሽማግሌው ከዚያ ይከተላል፣ ቢያንስ አንዱ አባቷ የሚያከብሩት ሰው ይሁን።

«17 ዓመቴ ነው። መናፈሻ ወስዶ ቀለበት አጠለቀልኝ፤ ቤተሰቤ ለሚያዝያ ቀን ቆርጧል። እኔ መማር ነው የምፈልገው።»

እህቴ፣ ሕጉ ለጋብቻ 18 ዓመት ይላል፤ የቤተሰብ ስምምነት ዕድሜሽን አይጨምረውም። ያንቺ ፈቃድ ከሌለ በ30 ዓመትሽም አይሆንም። ቀለበቱ አያስርሽም። የምታምኛትን መምህርት ይዘሽ በዚህ ሳምንት የሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ሂጂ፤ የሚያስገድድሽ ካለ ፖሊስ ጋ። «ካስፈለገ» ብዬ አይደለም፤ ሂጂ።

«ሙስሊም ነኝ፤ ለእኔም የወርቅ ቀለበት ልታደርግልኝ ትፈልጋለች።»

ወርቅ ለወንድ አይፈቀድም፤ ብር ይሁን። የቀረውን የመስጊድህን ኢማም ጠይቅ።