በነፃ የሚሠራም ሂሳብ ይጠየቃል

የቀድሞ እግረኛ ወታደሮች ማህበራችንን ልትረከቡ መሆኑን ሰማሁ፤ ደስ ብሎኛል። ገሚሶቻችሁ የአባላት ልጆች ናችሁ። ገሚሶቻችሁ ደግሞ ራሳችሁ በቅርቡ ከሠራዊቱ የተሰናበታችሁ ናችሁ። እኔ በጉብዝናዬ እግረኛ ነበርኩ፤ ከዚያ ወዲህ ዕድሜዬን የጨረስኩት በሂሳብ ሥራ ነው። የጦር ሜዳ ወሬ ከፈለጋችሁ ቡና ላይ የሚያወራላችሁ ሞልቷል። እኔ የማወራችሁ ስለ ደረሰኝ ነው።

የማህበር ትልቁ ጠላት ይሉኝታ ነው። ሌባማ ይነቃበታል። እኛ ዘንድ ግን ሰው በነፃ ካገለገለ ሂሳብ መጠየቁ ነውር ይመስለናል። «ሰውየው ሥራ ፈትቶ እየለፋ ጭራሽ ደረሰኝ አምጣ ይባላል?» ይባላል እንጂ! ደመወዝተኛ ቢያጠፋ አለቃ አለው፣ ደመወዙም ይቆረጣል። በነፃ የሚሠራውን የሚይዘው ወረቀት ብቻ ነው። ያው ወረቀት ደግሞ ሐሜት ሲመጣ ስሙን ይጠብቅለታል። ጅማን ታውቋታላችሁ፤ ጠዋት መርካቶ የተወራ ለምሳ ጅሬን ይደርሳል።

አንድ ስብሰባ ላይ ያየሁትን ልንገራችሁ። ሊቀመንበሩ ሻምበል ነበሩ። ሄርማታ ገበያ በርበሬ የሚሸጥ፣ በዘመኑ ተራ ወታደር የነበረ አባል ብድግ አለና «ሻምበል፣ የድንኳኑ ኪራይ ደረሰኝ የታለ?» አለ። ቤቱ ጭጭ አለ። ከኋላ አንዱ «ኧረ ተው አንተ ሰው!» ሲል ተሰማ። ሻምበል ቀስ ብለው መነጽራቸውን አደረጉ። ከኮታቸው የውስጥ ኪስ በላስቲክ የታሰረ የወረቀት ጥቅል አወጡና አንድ በአንድ ገልጠው ደረሰኙን ሰጡት። ሰውየው ቁጥሩን አነበበ፣ ቀኑን አየ፣ «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ተቀመጠ። ከዚያ ወዲህ መዋጮ የሚያጓትት ሰው ቀነሰ። ጠያቂውም ተጠያቂውም እንዲህ ሲሆኑ ማህበር ያምርበታል።

የማዕረግ ነገር ከተነሳ፣ አጠራሩ ይቀጥል፤ ሻምበልን ሻምበል በሏቸው። ድምፅ ሲሰጥ ግን ሻምበልም ወታደርም የሚያወጣው አንድ እጅ ነው። (አንዱን ጦር ሜዳ ጥሎ የመጣም አለን፤ እሱም በቀረችው ያወጣል።)

ሌላው የደግ ሰዎች አመል ከኪስ አውጥቶ ዝም ማለት ነው። የባጃጅ፣ የፎቶ ኮፒ፣ የስልክ ካርድ። ደግነቱ ጥሩ ነው፣ ውጤቱ ግን ጥሩ አይደለም። ወጪው ካልተጻፈ ተረካቢው ማህበሩ በዓመት በስንት ብር እንደሚንቀሳቀስ አያውቅም። ቆይቶም ጸሐፊ መሆን የሚችለው ገንዘብ ያለው ሰው ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ያወጣውን ይጻፍ፣ ገንዘቡም ይመለስለት። አልፈልግም ካለ በመዋጮ ስም ደረሰኝ ይቆረጥለት። ያኔ ወጪውም ገቢውም በመዝገብ ይታያል፣ ደግነቱም አይጠፋም።

አሁን ወደ አባላት ባሕር መዝገቡ ልምጣ፤ ከሁሉ በላይ የምሳሳለት እሱ ነው። የቃኘው ሻለቃ ሰዎች ከ1943 ጀምሮ ኮሪያ ዘምተው ከ120 በላይ ጓዶቻቸውን አጥተዋል። አንድም የተማረከ የለም ብለው ግን አፍ ሞልተው ይናገራሉ። እንዲህ ለመናገር እያንዳንዱን ስም ቆጥሮ የያዘ ሰው ያስፈልጋል። የኛ ክፍል በዚህ አልታደለም። ሠራዊቱ በ1983 ሲበተን ሰውም ወረቀትም ተበተነ። ማን አጋሮ ገባ፣ ማን ሰቃ፣ ማን ሊሙ፣ የምናውቀው በወሬ ወሬ ነበር። መዝገቡ የተሞላው ቤት ለቤት እየተዞረ ነው።

የሞተን ሰው ስም በቀይ አትሰርዙ። ከጎኑ ያረፈበትን ቀን፣ የባለቤቱንና የልጆቹን ስም ጻፉ። በጡረታ ሕጉ ሚስት የባሏን አበል 50 በመቶ፣ ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ እያንዳንዱ 20 በመቶ ያገኛል። መብት እንዳላት ሳታውቅ በሯን ዘግታ የምትቀመጥ እናት ግን ዛሬም አለች። እሷ ዘንድ ሄዶ ወረቀቷን ማሟላት፣ ወረፋው ላይ አብሮ መቆም፣ ይኼ የማህበሩ ዋና ሥራ ነው። ባነር ማሠራት ይደርሳል።

መዝገቡ ላይ የእያንዳንዱ አባል የሰፈር እድርም ይጻፍ። ሙስሊም አባል ሲያርፍ ቀብሩ በዚያው ቀን ነው። ንጋት ላይ ካልተደዋወላችሁ ከሰዓት ብትደርሱ አፈር ተመልሷል። ክርስቲያን ከሆነ ከቀብሩ ሌላ አርባ አለ፣ ተዝካር አለ። የእድሩን ዳኛ ስልክ የያዘ ጸሐፊ አይቀደምም።

ሕጉን አትፍሩት። በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 መሠረት ማህበር ለመመሥረት 5 ሰው ይበቃል። የበላዩ አካል ጠቅላላ ጉባኤው ነው። እድር በዚህ አዋጅ ስለማይገዛ አንዳንዶች «እኛም እንደ እድር እንቀመጥ» ይላሉ። መቀበር ብቻ ከሆነ የሚፈለገው እሺ። ቢሮ ገብታችሁ ስለ አባል መብት የምትናገሩ ከሆነ ግን ተመዝገቡ፤ ማኅተም የሌለውን ደብዳቤ ማንም አያነብላችሁም።

ጉባኤውን ጥቅምትና ኅዳር ላይ አትጥሩ። ቡና ለቀማ ነው፤ ከገጠር የሚመጣ የለም። ክረምትም አይሆንም፣ መንገዱ ጭቃ ነው። እኛ የካቲትን የመረጥነው ለዚህ ነው፤ የካቲት 26 የካራማራ ድል ቀን መሆኑም አለ። በ2017 ታዲያ ዐቢይ ጾምና ረመዳን ገጠሙና ምሳም ቡናም የሌለበት ስብሰባ ሆነ። ገንዘብ ያዡ እንደዚያ ቀን ሲስቅ አይቼው አላውቅም።

በርክክቡ ቀን ማኅተሙ ለጸሐፊው ይሰጥ፣ የባንክ ደብተሩ ለገንዘብ ያዡ። ሁለቱ አንድ ሰው እጅ አይግቡ፤ ቅዱስም ቢሆን። ከባንክ ገንዘብ የሚያወጣው ፊርማ ሁለት ይሁን። ካዝናውን በቃል አትረከቡ፤ ብሩን ቁጠሩ፣ ቃለ ጉባኤ ይያዝ፣ የቆጠረውም ያስቆጠረውም ይፈርም። ሽማግሌው ቅር ይለዋል ብላችሁ እንዳታልፉት። እኔ ቅር አይለኝም፤ እንዲያውም ሳትቆጥሩ ብትፈርሙ ነው የምቀየማችሁ።

መዝገቡን ኮምፒዩተር ላይ ገልብጡት፣ ለናንተ ቀላል ነው። ወረቀቱን ግን አትጣሉት፤ ኅዳጉ ላይ የተጻፉ ብዙ ነገሮች አሉ። በእርሳስ የተከበቡት ስሞች ስልካቸው አልሠራ ያለን አባላት ናቸው። አብዛኞቹ አሰንዳቦ አካባቢ ናቸው። ከእነሱ ጀምሩ፤ በዚያ የሚያልፍ ሰው ካለ ገበያ ቀን ቢጠይቅ ይሻላል።